ልኩ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ መስኮት

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ መስኮት ነው። ገና ያልተሠራ፣ ግድግዳ ላይ ያልገባ፣ ስፋቱም ያልተወሰነ መስኮት። በኮምፒውተር ሕንፃ የምትነድፉ፣ መንደፍ የምትማሩ፣ ወይም ቤት ለመሥራት አስባችሁ አርክቴክት ዘንድ የምትመላለሱ ሁሉ ብትከታተሉ ትጠቀማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

«ሥዕል በሬዲዮ እንዴት ይማሩታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ለዚህ ትምህርት ሬዲዮ ይሻላል እላለሁ። ይህን ሙያ ከሚጀምሩ ብዙ ወጣቶች አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ የሚሰናከሉት እጃቸው ማውሱን ቶሎ ስለሚይዝ ነው። ሳያስቡ ይሥላሉ፤ ከሣሉ በኋላ ያስባሉ፤ ካሰቡ በኋላ ያጠፋሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለዛሬ ተዉት። አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ አምጡ። እስክታመጡ ድረስ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የአንድ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ መስኮቶችን እንድሠራ ተሰጠኝ። አንድ ዓይነት መስኮት 24 ቦታ ይገባል። ስፋቱ 120፣ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ ሁለት ተከፋች። ፍሬሙን ሣልኩ፣ መሐሉ ላይ ቋሚውን አቆምኩ፣ መስታወቶቹን ገጠምኩ፣ ማጠፊያውንና እጀታውን ሳይቀር አስተካክዬ ሠራሁ። ያየው ሁሉ ወደደው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የቤቱ ባለቤት ሳሎኖቹ ጨለማ እንዳይሆኑ ፈለገና መስኮቶቹ 180 ይሁኑ አለ። እኔም ስፋቱ ላይ ገብቼ 120 የሚለውን አጥፍቼ 180 ብዬ ጻፍኩ።

የሆነውን ዛሬም አልረሳውም። የግራው መቃን ባለበት ቆመ፤ የቀኙ 60 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ሄደ። መሐል የነበረው ቋሚ ከቦታው አልተነቃነቀም። መስታወቶቹም እንደዚያው። በቀኝ በኩል ምንም ያልሸፈነው ባዶ ክፍተት ተከፈተ፤ 24 ቦታ። እጀታው ብቻ፣ ከምን ጋር እንደተያያዘ አላውቅም፣ ተነስቶ ብሎኬቱ ላይ ተለጥፏል። ያን ሌሊት መስኮቱን እንደ አዲስ ስሠራ አደርኩ።

ሶፍትዌሩ ጥፋት አልነበረበትም። እኔ የነገርኩት የመስኮቱን መልክ ነበር፤ አንዱ አካል ከሌላው ጋር ምን እንደሚያስተሳስረው ግን አንድም ነገር አልነገርኩትም። ታዲያ በምን ያውቃል?

ወረቀቱ መጣ? ትንሽ ቆዩልኝ፤ መጀመሪያ አንድ ቃል እንፍታ። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር «ፓራሜትሪክ» ይሉታል። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ነገሩን ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ አሳምሮ ያውቀዋል። ሸሚዝ ልታሰፉ ስትሄዱ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ደረት፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ርዝመት ይለካና ደብተሩ ላይ አራት አምስት ቁጥር ይጽፋል። ከእነዚያ ጥቂት ቁጥሮች ሙሉ ሸሚዝ ይወጣል። ኮሌታው ከአንገት ልክ ጋር ይሄዳል። ኪሱ ከደረቱ ጋር ቦታውን ይቀይራል። ቁልፉ ግን ያው ቁልፍ ነው፤ ሰውየው ስለወፈረ የሸሚዙ ቁልፍ አይወፍርም። በቁልፍና በቁልፍ መካከል ያለው ርቀትም ብዙም አይለወጥም፤ ሸሚዙ ሲረዝም የቁልፉ ብዛት ይጨምራል እንጂ። ልብስ ሰፊው ምን ከምን ጋር እንደሚለወጥ፣ ምን እንደማይለወጥ፣ ምን ደግሞ በቁጥር እንደሚበዛ በልቡ ይዟል። ፓራሜትሪክ ማለት ይኸው ነው፤ ጥቂት ልኮች ሲሰጡት የቀረውን በራሱ ደንብ አሟልቶ የሚሠራ ዕቃ። ልኮቹ «ፓራሜትር» ይባላሉ።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 1963 አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በተባለው የትምህርት ተቋም አይቫን ሰዘርላንድ የሚባል ተማሪ ለዶክትሬቱ «ስኬችፓድ» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ ነገር ነው። ሰዘርላንድ በብርሃን ብዕር ስክሪኑ ላይ መስመር ይሥላል፤ ከዚያ «ይህ መስመር ከዚያኛው ጋር ትይዩ ይሁን»፣ «እነዚህ ሁለቱ እኩል ይርዘሙ» ብሎ ያዛል፤ ማሽኑም የተጣመመውን ሥዕል እንደታዘዘው ያቃናል። ከዚህም በላይ አንድ ዋና ሥዕል ሠርቶ ብዙ ቦታ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ ዋናው ሲታረም የተቀመጡት ሁሉ አብረው ይታረማሉ። የእኔ 24 መስኮቶች ችግር ከ1963 ጀምሮ መፍትሔ ነበረው ማለት ነው። እኔ አላወቅሁበትም እንጂ።

ሐሳቡ በኋላ ወደ ማሽን ንድፍ ገባ። «ፕሮ ኢንጂነር» የተባለው ሶፍትዌር በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞተርና የመሣሪያ ክፍሎችን በዚህ መንገድ ማስነደፍ ጀመረ። ፕሮ ኢንጂነርን ባመረተው ድርጅት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሊዮኒድ ራይዝና ኧርዊን ጀንግራይስ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሕንፃ ለማምጣት በ1997 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ2000 «ሬቪት»ን አወጡ። በ2002 ደግሞ አውቶካድን የሚያመርተው አውቶዴስክ ኩባንያውን በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ ብዙ የሕንፃ ንድፍ ቢሮዎች የሚሠሩበት ሬቪት ይህ ነው። የእኛንም መስኮት በእርሱ አሠራር እንከተለዋለን። በአርኪካድ የምትሠሩ ወይም በነጻ የሚገኘውን ፍሪካድ የምትጠቀሙ አድማጮችም አብራችሁን ሁኑ፤ የአዝራሩ ቦታና ስም ይለያያል እንጂ አስተሳሰቡ አንድ ነው።

አሁን ወረቀቱን አግድም አድርጋችሁ ያዙት፤ ረጅሙ ጎን ወደ እናንተ ይሁን። የግራውን ጠርዝ ከቀኙ ጠርዝ ጋር አግጥማችሁ እጠፉት። ጣታችሁን አስኪዱበት። ክፈቱት።

መሐሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ እጥፋት ታያላችሁ። ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው? አልለካችሁም፤ መለካትም አላስፈለጋችሁም። ወረቀቱ ትልቅ ቢሆንም ትንሽ ቢሆንም እጥፋቱ መሐል ነው። ይህን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሁሉ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። እኔ ያን ጊዜ ቋሚውን ያቆምኩት «ከግራ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ» ብዬ ነበር። 120 ሲሆን 60 መሐል ነው። 180 ሲሆን ግን 60 መሐል አይደለም። ቁጥር ሰጠሁት እንጂ «መሐል ሁን» አላልኩትም። ሶፍትዌሩ ውስጥ መለኪያው ላይ የምትታይ «እኩል» የምትል ትንሽ ምልክት አለች። እርሷን መጫን ማለት ወረቀቱን ማጠፍ ማለት ነው።

በእርሳሳችሁ ከእጥፋቱ በግራና በቀኝ፣ እኩል ርቀት ላይ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምሩ። ከላይ እስከ ታች ይውረዱ። እነዚህ ሁለቱ መቃኖች ናቸው። ከወረቀቱ ግርጌ ጠጋ ብላችሁ አንድ አግድም መስመር አስምሩ፤ የቤቱ ወለል ነው። ከወለሉ ከፍ ብላችሁ ሌላ አግድም፤ ደፉ ነው፣ መስኮቱ የሚያርፍበት። ከዚያም ላይኛው አግድም፤ ጉበኑ። መቃን፣ ደፍ፣ ጉበን። አናጺዎቻችን ከጥንት ጀምረው ስም የሰጧቸው ነገሮች ናቸው፤ እኔ ለተማሪዎች ሳስተምር በእነዚሁ ስሞች ነው የምጠራቸው፤ አፋቸው ላይም ቶሎ ይገባል።

ልብ በሉ፤ እስካሁን መስኮት አልሣልንም። ፍሬም የለም፣ መስታወት የለም፣ ብረት የለም። አምስት መስመርና አንድ እጥፋት ብቻ ነው ያለን። ሬቪት ውስጥ እነዚህን «ሪፈረንስ ፕሌን» ይሏቸዋል። ወረቀት ላይ መስመር ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን እንደ ቆመ ቀጭን መስታወት ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚዘልቁ ገጾች ናቸው። ንድፉ ሲታተም አይታዩም። ቤት ሲሠራ ግንበኛው የሚዘረጋውን ሲባጎ አስታውሱ። ግድግዳው ሲያልቅ ሲባጎው ይነሳል፤ የሚያየውም የለም፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመው ግን በእርሱ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ስም ስጡት። ስም ያልተሰጠው ገጽ ከወር በኋላ ስትመለሱ የማን ሲባጎ እንደሆነ አታውቁትም።

ቀጥሎ ልክ ነው። ከግራው መቃን እስከ ቀኙ መቃን ያለውን ርቀት በቀስት አሳዩና ላዩ ላይ «ስፋት» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር አትጻፉ። ከደፍ እስከ ጉበን «ቁመት»። ከወለል እስከ ደፍ «የደፍ ከፍታ»። አሁን ሦስት ፓራሜትር አላችሁ። ሶፍትዌሩ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በሁለቱ ገጾች መካከል መለኪያ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ለመለኪያው ስም ትሰጡታላችሁ። ስም የተሰጠው መለኪያ ከዚያ ወዲያ ልኩን የሚነግራችሁ ብቻ አይሆንም፤ ልኩን እናንተ ትነግሩታላችሁ፣ ገጾቹም ይታዘዛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ሥራ አለ፤ እባካችሁ እናንተ አትዝለሉት። ኮምፒውተሩ ላይ ስትቀመጡ፣ ምንም ነገር ከመሣላችሁ በፊት አጽሙን፣ ማለትም ገጾቹን፣ አንቀሳቅሱት። ስፋቱን 40 አድርጉት፤ 300 አድርጉት። ቁመቱን 30፣ ከዚያ 240። ማንም የማይሠራውን መስኮት ሞክሩ። ገጾቹ እየተጠጉና እየተራራቁ ከእጥፋቱ እኩል ከቆሙ አጽሙ ጤነኛ ነው። አንዱ ከቀረ ወይም ሶፍትዌሩ «የተሰጡኝን ግዴታዎች ማሟላት አልቻልኩም» የሚል መልእክት ካወጣ ደግሞ እሰየው፤ ችግሩን ያገኛችሁት አምስት መስመር ላይ ነው። ፍሬሙና መስታወቱ ከገቡ በኋላ ያው ስህተት አርባ ቅርጽ ሥር ተደብቆ ነው የሚጠብቃችሁ።

ስለዚያ መልእክት ጥቂት ልበል፤ ጀማሪዎችን ስለሚያስደነግጣቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እናንተ ሁለት ተቃራኒ ነገር ስላዘዛችሁ ነው። ለምሳሌ የግራው መቃን ከመሐል 60 ላይ ተቆልፏል፤ የቀኙም 60 ላይ ተቆልፏል፤ ከዚያ ደግሞ ጠቅላላው ስፋት 180 ይሁን ትላላችሁ። 60 እና 60 ተደምሮ 180 አይሆንም። ሶፍትዌሩ የቱን እንደሚታዘዝ ስላላወቀ ይጮኻል። መድኃኒቱ መቆለፊያ መጨመር አይደለም፤ መቀነስ ነው። አንድን ገጽ አንድ ጌታ ብቻ ይዘዘው።

አጽሙ ሲንቀሳቀስ ብቻ ሥጋውን አልብሱት። ፍሬሙን ስትሠሩ አራቱን ጠርዞች ወደ መቃኖቹ፣ ወደ ደፉና ወደ ጉበኑ አስጠግታችሁ ቆልፏቸው። የፍሬሙ ውፍረት ለብቻው ፓራሜትር ይሁን፤ ለምሳሌ 4 ሴንቲ ሜትር። ይህ የሸሚዙ ቁልፍ ነው፤ ስፋቱ 60 ቢሆንም 180 ቢሆንም 4 ነው። መሐል ያለው ቋሚ በእጥፋቱ ግራና ቀኝ እኩል ተከፍሎ ይቁም። መስታወቱ የራሱ ልክ አይኑረው፤ ከፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ጋር ይቆለፍ። አንድ ቅርጽ በጨመራችሁ ቁጥር ወደ ልኮቹ ተመለሱና ሁለት ሦስት ቁጥር ቀያይሩ። አሥር ቅርጽ ጨምሮ አንድ ጊዜ መሞከር ወጥመድ ነው።

አሁን ስሌት እናስገባ። ባለ ሁለት ተከፋች መስኮታችን ከፊት ሲታይ ሦስት ቋሚ አለው፤ የግራ፣ የመሐልና የቀኝ። የአንዱ መስታወት ስፋት ስንት ነው? ከጠቅላላው ስፋት ሦስት ጊዜ የፍሬሙን ውፍረት ቀንሱና ለሁለት አካፍሉ። ስፋቱ 120 ከሆነ ሦስት ጊዜ 4፣ 12 ይሆናል፤ 108 ይቀራል፤ ለሁለት ሲካፈል 54። ስፋቱ 180 ሲሆን 168 ለሁለት፣ 84። ይህን ስሌት በቃል ሳይሆን በፓራሜትሩ አጠገብ ባለው የቀመር ቦታ ላይ ትጽፉታላችሁ። ከዚያ በኋላ የመስታወቱን ስፋት ማንም መንካት አይችልም፤ ስፋቱን የቀየረ እርሱንም ቀይሮታል።

ሶፍትዌሩ «ከሆነ» እና «ካልሆነ»ም ያውቃል። 84 ሴንቲ ሜትር ተከፋች ለማጠፊያ ይከብዳል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ስፋቱ ከ150 ካለፈ ተከፋቹ ሦስት ይሁን፣ ካላለፈ ሁለት ይሁን ብላችሁ ደንብ መጻፍ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ስፋቱ ሲጨምር መስታወቱ ብቻ አይለጠጥም፤ ልክ እንደ ረጅሙ ሸሚዝ ቁልፎች ቁጥሩ ይጨምራል። ቀመር ስትጽፉ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ከሰጣችሁ ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጠረው። መለኪያም እንዳይቀላቀል፤ ስፋቱን በ60 አካፍላችሁ የተከፋች ብዛት ልታወጡ ብትሉ «መለኪያዎቹ አይጣጣሙም» ይላችኋል፤ ርዝመት በተራ ቁጥር ሲካፈል አሁንም ርዝመት ነውና። በ60 ሴንቲ ሜትር አካፍሉት፤ ርዝመት በርዝመት ሲካፈል ተራ ቁጥር ይወጣል።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ደረስን። ሬቪት እንዲህ ያለውን ዕቃ «ፋሚሊ» ይለዋል፤ ቤተሰብ ማለት ነው። ስሙ በትክክል ወጥቶለታል። አንድ ቤተሰብ አለ፤ ባለ ሁለት ተከፋች መስኮት። በቤተሰቡ ውስጥ ዓይነቶች አሉ፤ የሳሎኑ፣ የመኝታ ቤቱ፣ የማድ ቤቱ። ከእያንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚገቡ ነጠላ መስኮቶች አሉ። አንድን ልክ ስትፈጥሩ ሶፍትዌሩ ይጠይቃችኋል፦ ይህ ልክ የዓይነቱ ነው ወይስ የእያንዳንዱ?

የተማሪ ደንብ ልብስ አስቡ። ቀለሙን ትምህርት ቤቱ ይወስናል፤ አንዱ ልጅ ተነስቶ የእኔ ቀይ ይሁን ማለት አይችልም፤ ትምህርት ቤቱ ቀለም ሲቀይር ሁሉም ይቀይራል። የእጅጌው ርዝመት ግን የየልጁ ነው። የመስኮት ስፋትና ቁመት ቀለሙ ነው፤ የዓይነቱ ይሁን። የደፍ ከፍታ እጅጌው ነው፤ አንዱ መስኮት ከወለል 90 ላይ፣ ሌላው ደረጃ ቤት አጠገብ 140 ላይ ሊገባ ይችላል፤ የእያንዳንዱ ይሁን።

ለምን ይህን አጥብቄ እናገራለሁ? ስፋቱ የእያንዳንዱ እንዲሆን ከተተወ፣ አንድ ሠራተኛ ንድፉ ላይ ሌላ ነገር ሲያስተካክል ሳያስበው አንዱን መስኮት በማውሱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ይጎትታል። ዓይን አያየውም። ሌላውን ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር። ንድፉ ብረት ሥራ ቤት ሲደርስ አንድ ዓይነት የተባለው መስኮት አምስት ስድስት የተለያየ ልክ ይዞ ይገኛል። ባለሙያው ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ጭኖ ያመጣዋል፤ ግድግዳው ላይ ሲደርስ አንዱ አይገባም፣ አንዱ ይላላል። ያ ሰው የሚከስረው የራሱ ባልሆነ ጥፋት ነው። አንድ መልስ፣ የዓይነቱ ወይስ የእያንዳንዱ፣ ይህን ያህል ሩቅ ይሄዳል። አንዳንድ መምህራን ይህን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግማሽ ቀን ቢሰጠው አይበዛበትም ባይ ነኝ።

ከብረት ሥራ ቤት ሳንወጣ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። መስኮታችን አርኤችኤስ ከሚባለው ውስጠ ባዶ ብረት ቢሠራ ለዋናው ፍሬም ብቻ ስንት ሜትር ይፈልጋል? ከላይና ከታች ሁለት ስፋት፣ ሦስት ቋሚ ደግሞ ሦስት ቁመት። ስፋቱ 120፣ ቁመቱ 150 ከሆነ ሁለት ጊዜ 120፣ 240፤ ሦስት ጊዜ 150፣ 450፤ ድምሩ 690 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 6.9 ሜትር። ለ24 መስኮት 165.6 ሜትር። አሁን ባለቤቱ ቁመቱን 10 ሴንቲ ሜትር ቀንሱልኝ ቢል አንዱ መስኮት 6.6 ሜትር፣ 24ቱ ደግሞ 158.4 ሜትር ይሆናሉ። ልዩነቱ 7.2 ሜትር ነው። ብረቱ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሜትር ዘንግ ስለሆነ ለብክነት የሚታሰበው ሳይጨመር እንኳ ከአንድ ዘንግ በላይ ተረፈ።

ይህን ስሌት በቀመር ቦታ ላይ «የብረት ርዝመት» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ቁመቱ በተቀየረ ቁጥር የብረቱ መጠን በሠንጠረዡ ላይ አብሮ ይቀየራል። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የራሳችሁ የፈጠራችሁት ልክ በጠቅላላው የሕንፃ ሠንጠረዥ ላይ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ «ሼርድ ፓራሜትር» አድርጋችሁ መፍጠር አለባችሁ፤ ማለትም ስሙ ከመስኮቱ ፋይል ውጭ በሚቀመጥ የጋራ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህን ያልሠራ ሰው ቀመሩ መስኮቱ ውስጥ በትክክል እየሠራለት ሠንጠረዡ ላይ ግን ያጣዋል። ስንቱ ሲንገላታበት አይቻለሁ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። መስኮት ስትጀምሩ ሶፍትዌሩ መነሻ ፋይል ያስመርጣችኋል፤ ግድግዳ ላይ የሚገባ የመስኮት መነሻ ምረጡ። ግድግዳውን እርሱ ራሱ ይቦረቡርላችኋል። ይህ ምርጫ በኋላ በቀላሉ የሚታረም አይደለም፤ ግድግዳ የሚፈልግ ተብሎ የተጀመረ ዕቃ ያለ ግድግዳ ቁም ቢሉት አይቆምም። እዚያው ያለውን የናሙና ግድግዳ ውፍረትም ቀያይራችሁ ሞክሩ። እኛ አገር ብሎኬት 20 አለ፣ 15 አለ፣ 10 አለ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ልስን አለ። ፍሬማችሁ ከግድግዳው ውጫዊ ገጽ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚቀመጥ በልክ ካልተሰጠ 20 ላይ ያማረው መስኮት 10 ላይ ወደ ውጭ አፍጦ ይወጣል።

ማጠፊያውን፣ ብሎኑን፣ የእጀታውን ጠመዝማዛ ሁሉ አትሥሩ። እኔ ያን የመጀመሪያ መስኮቴን በዚህ ነበር ያስጌጥኩት። አንድ ብሎን ምንም አይደለም፤ 24 መስኮት ላይ እያንዳንዱ አሥራ ስድስት ብሎን ሲኖረው ኮምፒውተሩ 384 ብሎን ተሸክሞ ይዞራል፤ በ1 ለ100 ንድፍ ላይ ግን አንዱም አይታይም። ሬቪት ሻካራ፣ መካከለኛና ደቃቅ የሚባሉ ሦስት የዝርዝር ደረጃዎች አሉት፤ እጀታው የግድ ካስፈለገ ደቃቁ ላይ ብቻ እንዲታይ አድርጉት። ተከፋቹ ሲከፈት በወለል ንድፍ ላይ የሚታየውም ቅስት በቀላል መስመር ይሣል፤ ተከፋቹን በእውነት ከፍቶ ማቆም አያስፈልግም።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ የተዘጋጁ መስኮቶችስ? አውርዱ፣ ግን ለመማር አውርዱ። ከፍታችሁ አጽሙን ፈልጉ። ማን ማንን ይጎትታል? የትኛው ልክ በቀመር ተያዘ? ስፋቱን ሦስት እጥፍ ስታደርጉት ምን ይሰበራል? ሌላ ሰው የሠራውን አንድ መስኮት ፈትቶ መልሶ መግጠም ከብዙ ሰዓት ቪዲዮ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሬቪት ዋጋ የሚከብዳችሁ ተማሪዎች ደግሞ አውቶዴስክ ለትምህርት ያለ ክፍያ የሚሰጥበት መንገድ አለው፤ ፍሪካድም፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ለማንም ነጻ ነው። አርኪካድ የሃንጋሪው ግራፊሶፍት ሥራ ሲሆን፣ ዕቃዎቹ «ጂዲኤል» በተባለ የራሱ ጽሑፍ ይጻፋሉ፤ ኮድ መጻፍ የሚወድ ወጣት በእርሱ ደስ ሊለው ይችላል።

ከመሰናበቴ በፊት የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ሦስት መስኮቶችን ለኩ። ሜትር ከሌላችሁ በስንዝር ይሁን። የወረቀታችሁን ጀርባ ለሦስት ከፍሉት። በመጀመሪያው ላይ ከመስኮት መስኮት የተለያዩትን ልኮች ጻፉ። በሁለተኛው ላይ በሦስቱም አንድ ሆነው ያገኛችኋቸውን፤ የፍሬሙ ውፍረት እንደሚሆን እገምታለሁ፣ ግን ለኩት። በሦስተኛው ላይ ከሌላ ልክ በስሌት ሊወጡ የሚችሉትን አስፍሩና ስሌቱን አጠገባቸው ጻፉ። አንድ ልክ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚገባ ካልታወቃችሁ፣ ለምሳሌ እጀታው ከወለል ያለው ከፍታ፣ ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር ተነጋገሩበት። መስኮቱ ከፍ ሲል እጀታው አብሮ ከፍ ይበል ወይስ ሰው እጅ የሚደርስበት ላይ ይቅር? እኔ መልሴን በሚቀጥለው ዝግጅት እናገራለሁ።

በዚያው ዝግጅት በር እንሠራለን። በር ከመስኮት የሚከብደው ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ስለሚከፈት ነው። ወረቀታችሁን አትጣሉት፤ እጥፋቱ ያስፈልገናል።